የአንድ ቀን አክስት፤ ከጎፋ እስከ ላፍቶ

ጎፋ፣ ሊነጋጋ ሲል

ከቤቴ ስወጣ ሰማዩ ገና አመድማ ነው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ በራችን ላይ ኩሬ ሠርቷል፤ ድንጋይ እየረገጥኩ ተሻገርኩት። የዳቦ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ የትኩስ ዳቦ ሽታ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ይከተላል። ሁለት ዳቦ ገዛሁና አንዱን እየገመጥኩ ሰልፍ ያዝኩ።

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ወዳጆቼ ከአርባ ምንጭ፣ ከጅማ፣ ከባሌ ስጽፍላችሁ ለምዳችኋል። የዛሬው ጉዞ ግን ከገዛ ክፍለ ከተማዬ አይወጣም። «ይሄም ጉዞ ተብሎ!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ አይቶ ይፍረድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡታጅራ በርበሬ እያመረተ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሸምሱ ልጁን ሐያትን እኔ ዘንድ አስቀምጦ ሊያስተምራት ፈልጓል። «ጥሩ ትምህርት ቤት ፈልጊልኝ» እያለ በየቀኑ ይደውላል። ጥሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «አንቺ አዲስ አበቤ ነሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» ይለኛል። እኔ የማውቀው መጋረጃ ነው። ጎፋ ውስጥ የመጋረጃ ሱቅ አለኝ፤ ስለ ትምህርት ቤት የማውቀው ጠዋት ጠዋት መንገድ እንደሚያጨናንቁ ብቻ ነው። እና ዛሬ ሱቄን ዘግቼ፣ ብስራተ ገብርኤል አንድ የግል ትምህርት ቤት ቀጠሮ ይዤ፣ በመንገዴ ሌሎችም ካሉ ልያቸው ብዬ ወጣሁ።

ሰልፉ ላይ ቆሜ ሳለ አንዲት ልጅ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ዩኒፎርም ለብሳለች፤ የሹራቧ እጅጌ አጥሮባታል። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቴን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ ደግማ ፊቴን አየች። እኔ ሌባ መስላኝ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፤ ልጅ አለዎት?»

«ምን አገባሽ?»

«አይ፣ የእናት ፊት ስላለዎት ነው።»

በዕድሜዬ ያልተባልኩት ነገር የለም፤ ይህን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም። ልጅ የለኝም። ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቱም አናደደኝ።

«ወላጅ አምጪ ተብዬ ነው» አለች ቶሎ ቶሎ። «ለትንሽ ደቂቃ አክስቴ ይሁኑልኝ። ምንም አይናገሩም። ዝም ብለው ይሰሙና 'እመክራታለሁ' ብለው ይወጣሉ።»

አዲስ አበባ ተምራችሁ ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ተማሪ ያጠፋና «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ወላጁን የሚፈራ ከሆነ መንገድ ላይ ወላጅ ይፈልጋል። ሊስትሮ ይሁን፣ ተራ አስከባሪ ይሁን፣ ረጋ ያለ ፊት ያለው ሰው ሁሉ ለአንድ ጠዋት አጎት ይሆናል። አንገቱን ደፍቶ በማያውቀው ልጅ ጥፋት ይወቀሳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሰው ሲያወራው ሰምቼ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ለእኔም ይደርሰኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ምን አጠፋሽ?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«አላውቅም ብሎ ነገር አለ?»

«እውነቴን ነው እትዬ። የሒሳብ ቲቸር የሙከራ ፈተና ሲመልስልን 'ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ፣ አለበለዚያ ክፍል አትገቢም' አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።»

«ታዲያ አባትሽን አትወስጂም?»

«አባቴ ከሰማ ያስወጣኛል። ታላቅ ወንድሜንም እንደዚሁ ነው ያስወጣው። ስምንተኛ ክፍል እያለ ወላጅ አምጣ ተባለ፤ አባቴ ሄደ፤ የዚያኑ ቀን እጁን ይዞት ወጣ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አልተማረም።»

ስሟ ሌንሳ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቤቷ ላፍቶ ነው፣ ትምህርት ቤቷ መካኒሳ አቦ። ጎፋ ድረስ የመጣችው የሚያውቃት ሰው እንዳይገጥማት ብላ ነው። ልቤ ራራላት። እውነቱን ካወራን ደግሞ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከውስጥ ለማየት ጥሩ አጋጣሚም መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ሁለተኛውን ዳቦ ሰጠኋት።

መካኒሳ አቦ፣ ጠዋት

ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር አራት ሆነን ተሳፈርን። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ሁሉም ሥራ አለው» ይላል። ጀርመን አደባባይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። በመስኮቱ በጎቹን ሊያሻግር የሚጨነቅ ሰውዬ፣ ሸንኮራ የጫነ ጋሪ፣ ሰርቪስ መኪና ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የተኙ ሕፃናት አያለሁ። ሌንሳ ዳቦውን እየቆረሰች ታስጠናኛለች። የእናቷ እህት ነኝ። ስሜ ሙና መሆኑ ቀርቶ አልማዝ ነው። ስሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የምር ስሜን ለምን እንደደበቅኩ እስካሁን አይገባኝም።

አቦ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ሳይቀር ተሳለመ። ወርደን በጭቃው ዳር ዳር ሄድን። የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የኢትዮጵያ ካርታ፣ የሰው የምግብ መፍጫ አካላትና «ሰዓት አክብር» የሚል ጽሑፍ በቀለም ተስሏል። በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ ሌንሳን አይተው «ደግሞ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሏት። ለእኔ ድምፃቸውን ቀንሰው «ግቢ የእኔ እመቤት፣ አይዞሽ» አሉኝ። ምን እንደተፈጠረ ሳላውቅ መጽናናት ጀመርኩ።

የሒሳብ መምህሩ ከድር ይባላል። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ የኮቱ እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የፈተና ወረቀት ገፋ አድርጎ ወንበር ሳበልኝ።

«የእናቷ እህት ነኝ፤ አልማዝ እባላለሁ» አልኩት።

«እንኳን ደህና መጡ። እናቷስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ትናንት ማታ አብረን ነበርን።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዱባይ ሄደው ነበር?»

ሌንሳን አየኋት። ወለሉን ታያለች። እናቷ ዱባይ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። አልደበቀችኝም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኳት። መንገዱን ሙሉ የሐሰት ስም ስመርጥ ነበር። «አልማዝ» ብዬ «አልሐምዱሊላህ» ማለቴንም ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ይጮህብናል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ደክሞት ፊቱን በእጁ አሸት አደረገና «የዚህ ወር የመጀመሪያዋ አክስት አይደሉም» አለኝ። ከዚያ ከክምሩ አንድ ወረቀት መዞ ወደ እኔ አዞረው። ቁጥር አይገባኝም፤ ግን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈውን አነበብኩ። «እስከዚህ ገብቶኛል። ከዚህ በኋላ አልገባኝም።» ቀጥሎም እንደዚያው። አንዱ ጋ ደግሞ «ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ አልገባኝም» ብላ በቀስት አሳይታለች።

«ማርኳ ትንሽ ነው» አለ መምህር ከድር። «ከጎኗ ያሉት ኮርጀው ከእሷ የተሻለ አምጥተዋል። የኮረጀው ልጅ ምን እንዳልገባው ግን በምን አውቃለሁ? ይህችኛዋ ከየት ጀምሬ ላስተምራት እንዳለብኝ ነገረችኝ። ማስተማር ከጀመርኩ እንዲህ ያለ ወረቀት ደርሶኝ አያውቅም።»

«ቲቸር፣ በፈተናው ያሾፍኩ ተብዬ የተጠራሁ መስሎኝ ነው» አለች ሌንሳ በቀጭን ድምፅ።

መምህሩ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እያስቀረ፣ ያልገባቸውን ጽፈው የሚያመጡ ልጆችን ሊያስተምር አስቧል። በእሷ ሊጀምር ነው። ቤቷ ላፍቶ ስለሆነና ስለሚመሽባት ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ ሊያስቀራት አይችልም። ለዚህ ነው ወላጅ ያስጠራው።

«እና ይህን ለምን አልነገርካትም?» አልኩት፤ ድምፄ ሳላስበው ጮክ አለ። «ልጅቷ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ስትለምን ነው የመጣችው!»

ጆሮውን አከከ። «እኛም ስንማር እንደዚሁ ነበር የምንጠራው፤ 'ወላጅ አምጣ'፣ በቃ። ሌላ አጠራር አልለመድኩም።» ከዚያ ቀና አለ። «አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። በሐሰት አክስት መጣችሁ። ይህን ዝም ብዬ ካለፍኩ ነገ ሁሉም ከመንገድ ሰው ይዞልኝ ይመጣል። ዛሬ ከሰዓት አባቷ ካልመጡ ክፍል አትገባም።»

እኔ ባልመጣ ኖሮ ነገሩ እዚህ አይደርስም ነበር። ልጅቷ የፈራችው ነገር ሁሉ ባዶ ነበር፤ አሁን ግን በእኔ ምክንያት እውነት ሆነ።

ብስራተ ገብርኤል፣ ረፋዱ ላይ

«መጀመሪያ የእርስዎን ጉዳይ እንጨርስ» አለች ሌንሳ። ወደ አባቷ የምትሄድበትን ሰዓት እያራቀች እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ብሆን የማላውቀውን ሰውዬ ለመጋፈጥ አልቸኮልኩም። ተያይዘን ብስራተ ገብርኤል ሄድን።

እዚህ ሰፈር መንገዱ ይለሰልሳል፣ ዛፉ ይበዛል፣ ማኪያቶው ይወደዳል። የትምህርት ቤቱ ወለል ያብረቀርቃል። መጋረጃውን አየሁ፤ የሙያ ነገር ሆኖ ሳላይ አላልፍም። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ አሰፋፉ ግን ተቸኩሏል። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፣ ትሁት፣ ፈገግታዋ የማይቋረጥ። ሌንሳን ስታይ «የምትመዘገበው እሷ ናት?» አለች። አይደለችም ለማለት አፌን ስከፍት እየመራችን ሄደች።

ቤተ ሙከራውን ስታሳየን ሌንሳ አንድ ማይክሮስኮፕ ጋ ቆመች። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ «ይህን በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው» አለች። እዚህ ላይ ላሾፍ አልችልም። ዕቃው ቁም ነገር ነው፤ ሁሉም ልጅ ቢያገኘው እላለሁ። ሌንሳ ዓይኗን አስጠግታ ስታይበት፣ እስክትጠግብ ድረስ ይተዉልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ አንድ ክፍል አስገብተው ትንሽ ጥያቄ ሰጧት። ሰሌዳው ላይ በፍጥነት ሠርታ መሃል ላይ ቆመች። «እስከዚህ ገብቶኛል። ከዚህ በኋላ አልገባኝም።» መዝጋቢዋ ትከሻዋን ዳሰሰቻት። «ችግር የለውም የእኔ ቆንጆ፣ እንዲህ አይባልም ግን። 'ልሞክር' በይ። መልሱን መገመትም ትችያለሽ።» ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልጅቷ እንዳታፍር ብላ ነው።

«ወላጅ ትጠራላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አይ፣ እኛ ወላጅ አናንገላታም። ውጤቱ፣ መቅረቱ፣ ክፍያው፣ ሁሉም በስልክዎ ይደርስዎታል።»

«ደስ የሚል ነገርስ ይደርሰኛል?»

አሰበች። «ለበዓል 'እንኳን አደረሰዎ' እንልካለን» አለችና ራሷም ሳቀች። ክፍያውን ስትነግረኝ ለወንድሜ የበርበሬ ማሳ አዘንኩ። አመስግኜ ወጣሁ።

ወደ ላፍቶ፣ በገመቹ ታክሲ

የላፍቶ ታክሲ መጣ። ሌንሳ ክንዴን ይዛ «ይህን አንሳፈር» አለችኝ፤ እኔ ግን አንድ እግሬን አስገብቻለሁ፣ ከኋላዬም ሰው ይገፋል። ገባን። ሾፌሩ በመስታወቱ አየን።

«ሌንሳ! ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

ታላቅ ወንድሟ ገመቹ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊሞላው የተቃረበ የታክሲ ሾፌር ሆኗል። ሌንሳ ጥፍሯን ስትበላ እኔ ተናገርኩላት። «ወላጅ አምጪ ተብላ ነው።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ምንም!» አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየን።

የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ጋቢና ሲለቀቅ «እትዬ፣ ወደዚህ ይምጡ» አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ጎፋን፣ አልማዝን፣ ዱባይን። ዱባይ ላይ ፈገግ አለ። ከዚያ መንገዱን እያየ የራሱን ነገረኝ።

«ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ላም አልቤ ወተት አድርሼ ነበር የምሄደው። አባቴ ተጠራ። ለምን እንደምተኛ የጠየቀ ሰው የለም። አንዱ ሰውዬ እኛም ወላጆችም በተሰበሰብንበት 'ወይ አስተምረው፣ ወይ ከብትህን አስጠብቀው፣ ምረጥ' አለው። አባቴ ገጠሬ ነው፣ ያኔ አማርኛውም እንደዛሬው አይደለም። መልስ ሊሰጥ ሞከረና ሰው ሳቀበት። እጄን ይዞኝ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የትምህርት ቤት በር ረግጦ አያውቅም። ሌንሳንም ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ ነበርክ?» አልኩት።

ማርሽ ቀየረ። «ማን ጠየቀኝ እትዬ?»

ላፍቶ ስንደርስ ተሳፋሪውን አወረደ፣ ረዳቱን «ምሳህን ብላ፣ እመለሳለሁ» አለው፣ ባዶውን ታክሲ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አዞረ። አልለመንነውም።

ላፍቶ፣ የኦቦ ቶሎሳ ግቢ

ኮንዶሚኒየሞቹ ከኋላ ይቀራሉ፤ አስፋልቱ ያልቅና ድንጋያማ መንገድ ይጀምራል። ኦቦ ቶሎሳ፣ ማለትም አቶ ቶሎሳ፣ የእነ ሌንሳ አባት ናቸው፤ አባቶቻቸው እዚህ ጤፍ ይዘሩ ነበር። ዛሬ ማሳው ቤት ሆኗል፤ የቀረው የቆርቆሮ በረት፣ ጥቂት የወተት ላሞች፣ የገለባ ክምርና መንገድ ዳር ፍሩሽካና ፋጉሎ የመሳሰለ የከብት መኖ መሸጫ ሱቅ ነው። ላሞቹ አንገታቸውን በአጥሩ አውጥተው የሰፈሩን መኪና ያያሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ በመንሽ ገለባ ሲያነሱ አገኘናቸው። ሌንሳን ሲያዩ «ኢንታላ ኮ!» አሉ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ምነው በዚህ ሰዓት?» እኔን ደግሞ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ በርጩማ ሰጡኝ፤ ወተት በኩባያ መጣ። ትኩስ ነው፣ አረፋ አለው። ግማሹን ጠጥቼ ሳልጨርስ ገመቹ ነገራቸው።

መንሹን ገለባው ላይ ሰኩት። «ተጠራሁ?»

«ለጥሩ ነገር ነው» አልኩ።

«እህቴ፣ ትምህርት ቤት ለጥሩ ነገር ሰው ይጠራል?»

ምን ልበላቸው? ጠዋት ሰልፉ ላይ ልጅቷ «ወላጅ አምጪ ተባልኩ» ስትለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ምን አጠፋሽ» ነው።

«በቃ ትቅር» አሉ። «ፊደል ቆጥራለች፣ ሒሳብም ታውቃለች። ሱቁን ትይዝልኛለች። ልጄን ሰው ፊት አቁመው እንዲስቁባት አልሰጥም። አንዴ ሰጥቼ አይቻለሁ።»

ክፋት እየጠበቅኩ ነበር የመጣሁት። ያየሁት ልጆቹን የሚያድንበት ሌላ መንገድ የጠፋው አባት ነው። እንባዬ መጣ፤ ወተቱን አስታክኬ ዋጥኩት።

«አባ፣ አልቀርም» አለች ሌንሳ። ድምጿ ከላሞቹ ማመንዠክ አይበልጥም፤ ግን አለች።

ገመቹ በሩ ላይ የተሰቀለውን ጃኬት አውርዶ አባቱ ፊት ዘረጋው። «ልበስ። እኔ እወስድሃለሁ።»

«ደግመው እንዲያዋርዱኝ?»

«አንድ ክፉ ቃል ከተናገሩህ እጅህን ይዤ አወጣሃለሁ። ያኔ አንተ እኔን እንዳወጣኸኝ።»

ኦቦ ቶሎሳ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄደው ቦቲያቸውን ማጠብ ጀመሩ። ጭቃው ከለቀቀ በኋላም ብዙ አጠቡት።

መካኒሳ አቦ፣ ከሰዓት

ገመቹ ታክሲውን በሩ አጠገብ አቆመ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣም። «እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ» አለ። «ከጮኹበት እገባለሁ።» የመሪውን ጎማ በሁለት እጁ እንደያዘ ተውነው። ጥበቃው ሽማግሌ የኦቦ ቶሎሳን የታጠበ ቦቲ ካዩ በኋላ የተለመደውን ጥያቄያቸውን አልጠየቁም፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሩን በሰፊው ከፈቱ።

ኦቦ ቶሎሳ መምህራን ክፍል ሲገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ። መምህር ከድር ተነሣ፣ የራሱን ወንበር ዞሮ አመጣላቸው። አልተቀመጡም።

«ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

«እሺ፣ ምን አጠፋች?»

«ምንም። ስለ እሷ ላመሰግንዎት ነው የጠራሁዎት። ላስፈቅድዎትም ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞሩ፣ በትክክል ሰምተው እንደሆነ ከእኔ የሚያጣሩ ይመስል። አንገቴን ነቀነቅኩላቸው። መምህሩ ወረቀቱን አሳያቸው። የተጻፈውን አነበበላቸው፣ ስለ አንዱ ሰዓት ነገራቸው፣ ከዚያም ሳይጠየቅ «ትናንት ለምን እንደምጠራዎት ለልጅቷ ሳልነግራት መቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ከእንግዲህ ወላጅ ስጠራ ምክንያቱን እናገራለሁ።»

ኦቦ ቶሎሳ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

«ትንሽ ቁጥር ነው ያመጣችው፤ አይደለም?»

«ትንሽ ነው።»

«እና በዚህ አትቆጡም?»

«ያልገባትን የነገረችኝን ልጅ ተቆጥቼ ነገ ማን ይነግረኛል?»

ኦቦ ቶሎሳ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መስኮቱ በአጥሩ ላይ ያሳያል፤ ሰማያዊው ታክሲ ይታያል፣ ውስጡም የገመቹ ራስ። ዓይናቸው እዚያ ላይ ቀረ።

«ያኔም እንዲህ ብላችሁ ጠርታችሁኝ ቢሆን...» አሉና አልጨረሱትም።

መምህር ከድር በመስኮቱ የሚያዩትን አየ። ታሪኩን አያውቅም፤ ግን ገባው መሰለኝ። «ያኔ እኔ አልነበርኩም» አለ። «ግን ይቅርታ ያድርጉልን፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

ኦቦ ቶሎሳ ከትምህርት በኋላ የምትቀርበትን ክፍል ካላየሁ አልፈቅድም አሉ። ሄድን። ሌንሳ መቀመጫዋን አሳየቻቸው። ዴስኩ ላይ ጠበብ ብሏቸው ተቀመጡ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ አዩ። «ዛሬ ይጀመር» አሉ። «በየቀኑ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ። ላሞቹ ትንሽ ይጠብቁ።» ሌንሳ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፈነች። ያጠረው እጅጌ ለመሸፈን አልበቃትም፤ ስታለቅስም ስትስቅም አየኋት።

ግቢው ውስጥ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ሸምሱ ነው።

«አገኘሽ?»

«አንድ አግኝቻለሁ። ወለሉ አያበራም፣ ማይክሮስኮፕ የለውም።»

«ታዲያ ምን ይሆናል?»

«ሐያት ያልገባትን አልገባኝም የምትልበት ክፍል አለው። ግን አንተም ትመጣለህ። ገንዘብ ልኬያለሁ ብለህ ቡታጅራ አትቀመጥም። ሲጠሩህ ትመጣለህ፣ ሳይጠሩህም ትመጣለህ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ዘጋሁበት።

ወደ ጎፋ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ኦቦ ቶሎሳ ልጃቸውን ሊጠብቁ ከጥበቃው ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ስለ ወተት ዋጋ ጨዋታ ይዘዋል። ገመቹ «እትዬ፣ ላድርስዎት» አለኝ። ጋቢና ገባሁ። ከኋላችን ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ያወጣሉ፤ አላቆመም።

ዝናብ ሊመጣ ነው። ሴቶች የዘረጉትን ቲማቲምና ሽንኩርት በሸራ እየጠቀለሉ ነው፤ ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ጀርመን አደባባይ እንደ ጠዋቱ ተጨናንቋል። እዚያ ቆመን ሳለ ጠየቀኝ።

«ምን አሉት?»

«አመሰገኑት።»

«አባቴን?»

«አባትህን። ይቅርታም ጠየቁት።»

ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋበት ነው የነቃው።

«እሱስ ምን አለ?»

ልንገረው ወይስ ልተወው ብዬ አመነታሁ። ነገርኩት። «'ያኔም እንዲህ ብላችሁ ጠርታችሁኝ ቢሆን' አለ። በመስኮቱ አንተን እያየ።»

ገመቹ ማርሽ አስገባ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስታወቱ ላይ ወረዱ፤ መጥረጊያውን አላስነሣም። ዳቦ ቤቱን አለፍን። ጠዋት የተሰለፍኩበትን ታክሲ ተራ አለፍን። መውረጃዬ እዚያ ነበር፤ እኔም ወራጅ አለ አላልኩም።